ትልቅ ሙሉ ቁጥርን ደረጃ በደረጃ መመርመር፦ የ20,201,220 ባሕርያት

አንድ ትልቅ ሙሉ ቁጥር ሲቀርብልን ዓይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው በትልቅነቱ ላይ ነው፤ ትልቅነቱ ግን ስለ ባሕርዩ የሚነግረን ጥቂት ነው። 20,201,220 እና 20,201,221 በ1 ብቻ የሚበላለጡ ጎረቤታሞች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ለ2፣ ለ3 እና ለ5 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ሁለተኛው ግን ለሦስቱም አይካፈልም። እንዲያውም ሁለት ተከታታይ ሙሉ ቁጥሮች ከ1 በቀር አንድም የጋራ አካፋይ ሊኖራቸው አይችልም፤ ሁለቱንም የሚያካፍል ቁጥር ቢኖር ልዩነታቸውን፣ ማለትም 1ን፣ ጭምር ማካፈል ይኖርበት ነበርና። የአንድ ቁጥር ጠባይ የሚወሰነው በመጠኑ ሳይሆን በተገነባባቸው ብቸኛ ቁጥሮች ነው።

ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1ና ከራሱ በስተቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን ቁጥር ነው። ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሊበተን ይችላል፤ ከቅደም ተከተል ልዩነት በስተቀርም የሚበተንበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ለዚህ እውነት የተሟላ ማረጋገጫ ያቀረበው ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1801 ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ 20,201,220ን በምሳሌነት ይዞ ከመጀመሪያው ምርመራ እስከ ረቂቅ ባሕርያቱ ድረስ ይወስድዎታል። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ተራ የሂሳብ ማሽን ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ሥራ ያለ ማሽንም መሥራት ይቻላል፣ እኔም ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጅ እንዲሠሩት አጥብቄ እመክራለሁ።

ደረጃ 1፦ የስኩዌር ሩቱን ወሰን ማወቅ

ብዙዎች ይህን ደረጃ ዘለው በቀጥታ ወደ ማካፈል ይገባሉ። ስህተት ነው፤ ፍለጋው የት ላይ ማብቃት እንዳለበት የሚነግረን ይህ ወሰን ነውና። አንድ ቁጥር ወደ ሁለት አካፋዮች ሲከፈል ሁለቱም ከስኩዌር ሩቱ ሊበልጡ አይችሉም፤ ቢበልጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥንድ ቢያንስ አንደኛው ከወሰኑ በታች ወይም በወሰኑ ላይ ይገኛል።

ወሰኑን በእጅ ለማግኘት ቅርብ ከሆነ ክብ ቁጥር ይነሱ። 4,500 × 4,500 = 20,250,000 ሲሆን ከቁጥራችን በ48,780 ይበልጣል። ከ4,500 አንድ በቀነስን ቁጥር ካሬው በ9,000 ገደማ ይወርዳል፤ 48,780 ውስጥ 9,000 አምስት ጊዜ ከግማሽ ያህል ስለሚገባ መልሱ በ4,494 እና በ4,495 መካከል መሆን አለበት። ሲረጋገጥም 4,494² = 20,196,036፣ 4,495² = 20,205,025 ነው። እንግዲህ ቁጥራችን የማንም ሙሉ ቁጥር ካሬ አይደለም። ይህን ከመጨረሻ አሃዞቹም ማየት ይቻል ነበር፤ በዜሮ የሚያልቅ ካሬ ሁልጊዜ የሚያልቀው ጥንድ በሆነ የዜሮ ብዛት ሲሆን፣ የእኛ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለው ግን አንድ ዜሮ ብቻ ነው።

ከ20,201,220 ላይ 20,196,036 ሲቀነስ የሚተርፈው 5,184 ነው። ይህን ቀሪ በወረቀቱ ጥግ ላይ ጽፈው ያቆዩት፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ደረጃ 2፦ ሳያካፍሉ መፈተን

ትንንሾቹን አካፋዮች ለመለየት ማካፈል አያስፈልግም። ቁጥሩ በ0 ስለሚያልቅ ለ2 እና ለ5 ይካፈላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች 20 ናቸው፤ 20 ለ4 ስለሚካፈል ቁጥሩም ለ4 ይካፈላል፣ ለ25 ግን አይካፈልም። የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች 220 ሲሆኑ ለ8 ሲካፈሉ 4 ይተርፋል፤ ስለዚህ 2 በቁጥሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኛል። የአሃዞቹ ድምር 2 + 0 + 2 + 0 + 1 + 2 + 2 + 0 = 9 ነው። 10፣ 100፣ 1,000 እና የመሳሰሉት ሁሉ ለ9 ሲካፈሉ 1 ስለሚተርፋቸው፣ ቁጥሩ ለ9 ሲካፈል የሚተርፈው የአሃዞቹ ድምር ለ9 ሲካፈል ከሚተርፈው ጋር እኩል ነው፤ እዚህ ምንም አይተርፍም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፈተና ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ነው፤ በአንድ አጭር ስሌት ሦስት ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ይመልሳልና። መነሻው 1,001 = 7 × 11 × 13 መሆኑ ነው። ቁጥሩን ከቀኝ ወደ ግራ በሦስት በሦስት አሃዝ ይክፈሉት፦ 220፣ 201፣ 20። ከዚያም አንዱን እየደመሩ ቀጣዩን እየቀነሱ ይሂዱ፦ 220 − 201 + 20 = 39። ቁጥሩ ለ7፣ ለ11 እና ለ13 ሲካፈል የሚተርፈው 39 ለእነዚሁ ሲካፈል ከሚተርፈው ጋር አንድ ነው። 39 ለ7 ሲካፈል 4፣ ለ11 ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ ለ13 ግን ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስምንት አሃዝ ያለውን ቁጥር በሁለት አሃዝ ተክተን 13 አካፋይ መሆኑን አገኘን ማለት ነው። እነዚህን 4 እና 6 የተባሉ ቀሪዎችም ለማረጋገጫ ስለምንፈልጋቸው ይጻፏቸው።

ተመሳሳይ ዘዴ ከ999 = 27 × 37 ይገኛል፤ እዚህ ላይ ግን ክፍሎቹ ሁሉ ይደመራሉ። 220 + 201 + 20 = 441 ሲሆን፣ 441 ለ27 ሲካፈል 9፣ ለ37 ሲካፈል 34 ይተርፋል። ስለዚህ 3 ከሁለት ጊዜ በላይ አይገኝም፣ 37ም ከዝርዝራችን ይወጣል።

ደረጃ 3፦ ደጋግሞ ማካፈል

አሁን የተገኙትን አካፋዮች አንድ በአንድ ያውጡ። በጀማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚታየው ስህተት አንድን አካፋይ አንድ ጊዜ አውጥቶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው፤ እያንዳንዱን አካፋይ እስኪያልቅ ድረስ ማውጣት ያስፈልጋል።

20,201,220 ÷ 2 = 10,100,610
10,100,610 ÷ 2 = 5,050,305
5,050,305 ÷ 3 = 1,683,435
1,683,435 ÷ 3 = 561,145
561,145 ÷ 5 = 112,229
112,229 ÷ 13 = 8,633

8,633ን እንደገና ለ13 ብናካፍለው 1 ይተርፋል፤ 13 አንድ ጊዜ ብቻ ነበረ። እዚህ ላይ የሥራው ክብደት እንዴት እንደቀለለ ልብ ይበሉ። በመነሻው እስከ 4,494 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ያስፈልግ ይመስል ነበር፤ አሁን ግን የ8,633 ስኩዌር ሩት ከ93 በታች ስለሆነ ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም። ወሰኑን አንድ አካፋይ ባወጡ ቁጥር እንደገና ያስሉት።

ደረጃ 4፦ የማይበገረውን ቁራጭ መስበር

ቀጥተኛው መንገድ 8,633ን ከ17 ጀምሮ እስከ 89 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ነው። 37ን ቀድመን ስለጣልነው 17 ሙከራዎች ይቀራሉ፤ ሁሉንም ብንሞክር የሚሳካው የመጨረሻው ይሆናል። ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ፤ ዘዴው የአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ የፒየር ደ ፌርማ ነው።

የሁለት ካሬዎች ልዩነት ሁልጊዜ ወደ ሁለት አካፋዮች ይበተናል፦ ሀ² − ለ² = (ሀ − ለ) × (ሀ + ለ)። ስለዚህ ኢ-ተጋማሽ ቁጥርን ለመስበር፣ ከስኩዌር ሩቱ በላይ ካለው የመጀመሪያ ሙሉ ቁጥር ተነስተን ካሬውን እናሰላለን፣ ቁጥሩን እንቀንስለታለን፣ የሚተርፈውም ራሱ ካሬ መሆኑን እናያለን። ካሬ ካልሆነ በ1 ከፍ ብለን እንደግመዋለን። በእኛ ጉዳይ መነሻው 93 ነው፦ 93² = 8,649፤ 8,649 − 8,633 = 16፤ 16 ደግሞ የ4 ካሬ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ አበቃ። 93 − 4 = 89፣ 93 + 4 = 97፤ 8,633 = 89 × 97። ሁለቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ስኩዌር ሩታቸው ከ10 በታች ስለሆነ ለ2፣ ለ3፣ ለ5 እና ለ7 አለመካፈላቸውን ማየት በቂ ነው።

ይህ ዘዴ እንዲህ የፈጠነው ሁለቱ አካፋዮች እርስ በርስ ስለተቀራረቡ ነው። ተራርቀው ቢሆን ኖሮ ተራውን ሙከራ ከመከተል የባሰ አድካሚ ይሆን ነበር። ቁጥሩ ሲገዝፍ ደግሞ የመበተን ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየው ጥሩ ምሳሌ 2 በ67 ርቢ ከፍ ብሎ (ማለትም 67 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው) 1 ሲቀነስለት የሚገኘው 147,573,952,589,676,412,927 ነው። ማረን ሜርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ብቸኛ ነው ብሎ ነበር። ኤድዋር ሉካ በ1876 ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ፣ ነገር ግን አንድም አካፋዩን አላገኘም። አካፋዮቹን፣ 193,707,721 እና 761,838,257,287ን፣ ያወጣው ፍራንክ ኮል ሲሆን ያቀረባቸውም በ1903 ነው። ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን ማወቅና ከምን እንደተሠራ ማወቅ የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን እነዚህ 27 ዓመታት በግልጽ ያሳያሉ።

ደረጃ 5፦ ማረጋገጥ

የተገኘው ብትን 20,201,220 = 2² × 3² × 5 × 13 × 89 × 97 ነው። በአሃዞች ድምር ማረጋገጥ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፤ 3² በብትኑ ውስጥ እስካለ ድረስ ሌሎቹ የተሳሳቱ ቢሆኑም ብዜቱ ለ9 መካፈሉ አይቀርምና። የሚሻለው አካፋይ ባልሆኑት በ7 እና በ11 መፈተን ነው። 4፣ 9፣ 5፣ 13፣ 89 እና 97 ለ7 ሲካፈሉ በቅደም ተከተል 4፣ 2፣ 5፣ 6፣ 5 እና 6 ይተርፋሉ። እነዚህን እያባዙና 7ን እያወጡ ሲሄዱ 1፣ 5፣ 2፣ 3፣ በመጨረሻም 4 ይገኛል፤ በደረጃ 2 ያቆየነውም ቀሪ 4 ነበር። በ11 ሲሠራም ቀሪው 6 ይሆናል፣ ይህም ይስማማል።

ደረጃ 6፦ አካፋዮቹን መቁጠርና መደመር

ከባዱ ሥራ አልቋል፤ ከእንግዲህ ያለው ብትኑን ማንበብ ነው። ማንኛውም አካፋይ የሚሠራው ከእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ስንት እንደሚወስድ በመምረጥ ነው። ከ2 ምንም፣ አንድ ወይም ሁለት መውሰድ ስለሚቻል ሦስት ምርጫ አለ፤ ከ3ም እንዲሁ ሦስት፤ ከ5፣ ከ13፣ ከ89 እና ከ97 እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምርጫ አለ። ስለዚህ የአካፋዮቹ ብዛት 3 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2 = 144 ነው። ቁጥሩ ካሬ ስላልሆነ 144ቱ ያለ ትርፍ በ72 ጥንዶች ይቀመጣሉ። ከጥንዶቹ እርስ በርስ እጅግ የተቀራረቡት 4,365 እና 4,628 ናቸው፤ አንዱ 97 × 45፣ ሌላው 89 × 52 ነው።

ድምራቸውን ለማግኘት 144ቱን መዘርዘር አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ከ1 ጀምሮ እስከ ከፍተኛ ርቢው ያሉትን ይደምሩና ድምሮቹን ያባዙ፦ (1 + 2 + 4) × (1 + 3 + 9) × (1 + 5) × (1 + 13) × (1 + 89) × (1 + 97) = 7 × 13 × 6 × 14 × 90 × 98 = 67,420,080። ቅንፎቹ ሲፈቱ እያንዳንዱ አካፋይ በትክክል አንድ ጊዜ ስለሚወጣ ነው ይህ የሚሠራው። ከድምሩ ቁጥሩን ራሱን ብንቀንስ 47,218,860 ይቀራል፤ ይህም ከቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ነው። ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮቹ ድምር ከእርሱ የሚበልጥ ቁጥር የተትረፈረፈ ቁጥር ይባላል፤ በትክክል እኩል ከሆነ ደግሞ ፍጹም ቁጥር ይባላል፣ ለምሳሌ 28 = 1 + 2 + 4 + 7 + 14።

ደረጃ 7፦ የጋራ አካፋይ የሌላቸውን መቁጠር

ከ1 እስከ 20,201,220 ካሉት ቁጥሮች መካከል ከቁጥራችን ጋር ከ1 በስተቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? ይህን ቆጠራ ቀመር ያበጀለት ሌዎናርድ ኦይለር ነው። ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር አንዱን ቅጂ በ1 ቀንሰው የቀሩትን ቅጂዎች እንዳሉ ያባዙ፦ ለ2² 1 × 2 = 2፣ ለ3² 2 × 3 = 6፣ ለ5 4፣ ለ13 12፣ ለ89 88፣ ለ97 96። ብዜታቸው 4,866,048 ነው፤ ከመቶ 24 ያህል መሆኑ ነው።

ይህ ብዛት የማወቅ ጉጉትን ለማርካት ብቻ የሚሰላ አይደለም። 8,633ን ብቻ እንውሰድና ብዛቱ 88 × 96 = 8,448 መሆኑን ሌላ ሰው ነገረን እንበል። 8,633 − 8,448 + 1 = 186 የሁለቱ አካፋዮች ድምር ነው፤ ግማሹ 93 ነው፤ 93² − 8,633 = 16። አካፋዮቹ ወዲያው ወጡ። ለሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ይህን ብዛት ማወቅና አካፋዮቹን ማወቅ አንድ ነው፤ አርኤስኤ የተባለው የምስጢር መጠበቂያ ዘዴ የተመሠረተውም ብዜቱ ለሁሉ በይፋ ሲታወቅ ብዛቱ ግን ተሰውሮ በመቆየቱ ላይ ነው። በእጃችን ያሉት አራት አሃዞች በደቂቃ ይሰበራሉ፤ 250 አሃዞች ያሉት አርኤስኤ-250 የተባለው ቁጥር ግን የተበተነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

ደረጃ 8፦ ሌላ ዓይነት አጻጻፍ

ቁጥሩን ለ2 ደጋግመው እያካፈሉ ቀሪዎቹን ከታች ወደ ላይ ቢያነቡ በሁለት መሠረት 1001101000011111100000100 ይሆናል፤ 25 አሃዞች፣ ከእነርሱም 11 አንዶች። መጨረሻው ላይ ያሉት ሁለት ዜሮዎች 2² መሆኑን ይናገራሉ። በግዕዝ ቁጥር ደግሞ ፳፻፳፼፲፪፻፳ ተብሎ ይጻፋል፤ የግዕዝ አጻጻፍ በመቶ በመቶ ስለሚሄድ 20፣ 20፣ 12፣ 20 የሚሉት ጥንዶች ፍንትው ብለው ይታያሉ። አጻጻፉ ሲለወጥ የአሃዞች ድምርና የመጨረሻ አሃዝ ይለወጣሉ፤ ብቸኛ አካፋዮቹ ግን አይለወጡም። የቁጥሩን ባሕርይ ከአጻጻፉ ባሕርይ መለየት ለሚፈልግ ይህ ጥሩ መለኪያ ነው።

ደረጃ 9፦ የሁለት ካሬዎች ድምር

በመጨረሻ፣ 20,201,220 የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ካሬ ድምር ሊሆን ይችላል? ማንኛውም ካሬ ለ4 ሲካፈል የሚተርፈው 0 ወይም 1 ስለሆነ፣ የሁለት ካሬዎች ድምር ለ4 ሲካፈል 3 ሊተርፈው አይችልም። ፌርማ በዲሴምበር 25፣ 1640 ለሜርሴን በጻፈው ደብዳቤ ለ4 ሲካፈል 1 የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር ሁሉ የሁለት ካሬዎች ድምር መሆኑን ገልጿል፤ ማረጋገጫውን ከመቶ ዓመት በኋላ ያቀረበው ኦይለር ነው። ለማንኛውም ቁጥር ሲሰፋ ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ብቸኛ አካፋይ ሁሉ በብትኑ ውስጥ በተጋማሽ ርቢ መገኘት አለበት። በእኛ ብትን እንዲህ ያለው 3 ብቻ ነው፤ ርቢው 2 ነው። ስለዚህ መልሱ ይችላል ነው።

ለማግኘት 36ን፣ ማለትም የ6ን ካሬ፣ ለይተው ያውጡ፤ 561,145 = 5 × 13 × 89 × 97 ይቀራል። እያንዳንዱን በሙከራ ይጻፉ፦ 5 = 1² + 2²፣ 13 = 2² + 3²፣ 89 = 5² + 8²፣ 97 = 4² + 9²። ከዚያም የሰባተኛው ክፍለ ዘመን ሕንዳዊ ሊቅ ብራህማጉፕታ ያውቀው የነበረውን እኩልነት ይጠቀሙ፦ (ሀ² + ለ²) × (መ² + ሠ²) ከ(ሀ × መ + ለ × ሠ)² + (ሀ × ሠ − ለ × መ)² ጋር እኩል ነው፤ ምልክቶቹን ብናለዋውጥም፣ ማለትም በእርሱ ፋንታ (ሀ × መ − ለ × ሠ)² + (ሀ × ሠ + ለ × መ)² ብንወስድ፣ እኩል ነው። እያንዳንዱ ማባዛት ሁለት መልስ ስለሚሰጥ 65 = 1² + 8² = 4² + 7²፣ 8,633 = 92² + 13² = 52² + 77² ይሆናሉ። እነዚህን እርስ በርስ ሲያባዙ ለ561,145 ስምንት ጥንዶች ይገኛሉ፦ 12 እና 749፣ 56 እና 747፣ 196 እና 723፣ 277 እና 696፣ 331 እና 672፣ 339 እና 668፣ 459 እና 592፣ 493 እና 564። ከእነዚህ ሌላ የለም። እያንዳንዱን በ6 ሲያባዙ የ20,201,220 ስምንቱ አጻጻፎች ይወጣሉ።

የመጀመሪያውን ጥንድ በ6 ያባዙት፦ 72 እና 4,494። አሁን በደረጃ 1 በወረቀቱ ጥግ ላይ ወዳቆዩት ቀሪ ይመለሱ። 4,494 ያን ጊዜ የስኩዌር ሩቱ ወሰን ሆኖ ያገኘነው ቁጥር ነው፤ ከካሬው በላይ የተረፈው 5,184 ደግሞ በትክክል 72 × 72 ነው።